ገጹ ለምን ዘገየ? ኔትወርኩን ከመውቀሳችን በፊት ብራውዘራችንን እንይ



ዶርምም እንሁን ላይብረሪ፣ ገጽ አልከፈት ሲል ከሁላችንም አፍ የሚወጣው ቃል አንድ ነው፦ «ኔትወርኩ ነው!» ብዙ ጊዜም እውነት ነው። ከዒሻ በኋላ ሁሉም ወደ ዶርሙ ሲገባ የግቢው ዋይፋይ እንደሚጨናነቅ ለማንም አይነገርም። እሱን ከስልካችን ላይ ሆነን ልናስተካክለው አንችልም። ነገር ግን አንዱ ስልክ ላይ ሃያ ሰከንድ የፈጀ ገጽ፣ እዚያው አልጋ ላይ በተቀመጠ በሌላ ስልክ በአምስት ሰከንድ ሲከፈት ያላየ የለም። ዋይፋዩ አንድ ነው። የተለየው ብራውዘሩ በዚያ ዋይፋይ ላይ እንዲያመጣ የሚጠይቀው ነገር ብዛት ነው። ይህ ክፍል በእጃችን ያለ ስለሆነ ጽሑፋችን በእሱ ላይ ያተኩራል። ከቤተሰብ በተላከልን ብር የገዛነው ጥቅልና ለፈተና የቀረን ሰዓት አብረው የሚያልቁት እዚህ ላይ ነው። ኢስራፍ ሲባል ትዝ የሚለን የውዱእ ውሃ ብቻ መሆን የለበትም።

አንድ ገጽ እስኪከፈት

አድራሻ ጽፈን ስንጫን ብራውዘሩ መጀመሪያ የድረ ገጹን ስም ወደ ቁጥር የሚለውጥለትን ዲኤንኤስ የተባለ አገልግሎት ይጠይቃል። ቁጥሩን ሲያገኝ ከሰርቨሩ ጋር መስመር ይከፍታል። ቀጥሎ ንግግራቸውን መሐል ላይ ያለ ሰው እንዳያነበው ሁለቱ በምስጢር ቁልፍ ይስማማሉ። «ገጹን ስጠኝ» የሚለው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ስለዚህ ለአንድ አዲስ ድረ ገጽ አብዛኛውን ጊዜ አራት ደርሶ መልስ አለ። ሰርቨሩ ባሕር ማዶ ሆኖ አንዱ ደርሶ መልስ 200 ሚሊሰከንድ ቢፈጅ፣ የመጀመሪያዋ ፊደል ሳትመጣ 0.8 ሰከንድ አለፈ ማለት ነው። የገዛነው ኢንተርኔት «ፈጣን» ቢባልም ይህችን አያሳጥራትም። አንድን ልጅ ለስኳር ወደ ሱቅ ልኮ፣ ሲመለስ ለሻይ ቅጠል፣ ሲመለስ ደግሞ ለዳቦ እንደ መላክ ነው። መንገዱ አስፋልት ቢሆንለትም ልጁ ያው ሦስት ጊዜ ይመላለሳል።

በዚያ ላይ የገጹ ክብደት አለ። እዚህ ላይ ብዙዎቻችንን የሚያደናግር ነገር ስላለ እናጥራው። የኢንተርኔት ፍጥነት የሚነገረው በሜጋቢት ነው፤ የፋይል መጠን የሚነገረው በሜጋባይት ነው። አንድ ባይት ስምንት ቢት ስለሆነ፣ 3 ሜጋባይት የሆነ ገጽ በሰከንድ 1 ሜጋቢት በሚያመጣ መስመር ላይ 24 ሰከንድ ይፈጃል። የተጨናነቀ ዋይፋይ ላይ ለአንድ ሰው የምትደርሰው ድርሻ ከዚህም ልታንስ ትችላለች።

ደግሞም ገጽ ብቻውን አይመጣም። ጽሑፉ እንደደረሰ ብራውዘሩ ውስጡ የተዘረዘሩትን ምስሎች፣ የፊደል ቅርጾች፣ ጃቫስክሪፕት የተባሉ ትንንሽ ፕሮግራሞች፣ ማስታወቂያዎችና ማን እንዳነበበ የሚከታተሉ መቁጠሪያዎች ሁሉ ማምጣት ይጀምራል። ብዙዎቹ የሚመጡት ከሌላ ከሌላ ሰርቨር ነው፤ ስለዚህ ያ አራት ጊዜ የሆነው ደርሶ መልስ ለእያንዳንዱ ሰርቨር እንደገና ይጀመራል።

ይህን በዓይናችሁ ማየት ትችላላችሁ። ላፕቶፕ ላይ ክሮም ወይም ፋየርፎክስ ክፈቱና ኤፍ 12ን ተጫኑ፤ ከሚመጡት ታቦች ውስጥ ኔትወርክ የሚለውን መርጣችሁ ገጹን እንደገና ጥሩት። ከታች ስንት ጥያቄ እንደተላከ፣ ስንት ሜጋባይት እንደወረደና ስንት ሰከንድ እንደፈጀ ይጽፍላችኋል። ለአንዲት የዜና ገጽ ከመቶ በላይ ጥያቄ ሲላክ ማየት ብርቅ አይደለም። ማንበብ የፈለግነው ግን አንድ ገጽ ተኩል ጽሑፍ ነበር። ከዚህ በታች ያለውን እያንዳንዱን ለውጥ ስትሞክሩ በዚህች መለኪያ በፊትና በኋላ እዩ፤ «ፈጠነ መሰለኝ» ከማለት ያድናል።

ትልቁን ትርፍ የሚሰጠው

ከሁሉም አንድ ብቻ እንምረጥ ብንል ማስታወቂያንና መከታተያን መዝጋት ነው።  ምክንያቱም ያልተጠየቀ ነገር አይወርድም፤ ያልወረደ ነገር ጊዜም ዳታም አይበላም።

በስልክ ላይ ያለው ክሮም ኤክስቴንሽን አይቀበልም። በአንድሮይድ ላይ ያለው ፋየርፎክስ ግን ይቀበላል። ፋየርፎክስን ከፕሌይ ስቶር አውርዳችሁ፣ ሜኑው ውስጥ ኤክስቴንሽን ከሚለው ገብታችሁ ዩብሎክ ኦሪጅን የሚባለውን ጨምሩ፤ ነጻ ነው፣ ምንም ማስተካከል ሳያስፈልገው ሥራውን ይጀምራል። በላፕቶፕ ላይም ፋየርፎክስ ያው ነው። ክሮምን የማይለቅ ሰው ደግሞ አዲሶቹ የክሮም ስሪቶች ሙሉውን ዩብሎክ ኦሪጅን ስለማያስገቡ ላይት የተባለውን ታናሹን ይጫን። ኤክስቴንሽን መጫን የሚሰለቸው ሰው ማስታወቂያ መዝጊያው አብሮት የሚመጣውን ብሬቭን ሊጠቀም ይችላል።

ምንም ሳይጨመር ፋየርፎክስ ውስጥ ያለ ማስተካከያም አለ። ሴቲንግ ውስጥ ኢንሃንስድ ትራኪንግ ፕሮቴክሽን የሚለውን ከስታንዳርድ ወደ ስትሪክት ቀይሩት። አልፎ አልፎ ገጽ ሊያበላሽ ይችላል፤ ያኔ አድራሻው አጠገብ ያለችውን የጋሻ ምልክት ነክታችሁ ለዚያ ድረ ገጽ ብቻ ታጠፉታላችሁ።

ይህን ያስቀደምነው ለፍጥነቱ ብቻ አይደለም። በእነዚያ ማስታወቂያዎች ምን እንደሚመጣ የማያውቅ የለም። የፊዚክስ ጥያቄ መልስ እየፈለግን ሳለ የቤቲንግ ማስታወቂያ ይዘላል፤ የተፍሲር ገጽ ከፍተን ከጎኑ ሐያእ የሌለው ምስል ይለጠፋል። እይታን መጠበቅ ምስሉ ከመጣ በኋላ የሚታገሉት ትግል ከሚሆን፣ መጀመሪያውኑ እንዳይመጣ በሩን መዝጋት ይቀላል። ቁማሩን በተመለከተ ደግሞ በግቢ ውስጥ የወር ወጪያቸውን እዚያ የጨረሱ ልጆች እንዳሉ እናውቃለን፤ የአንዳንዱ መንገድ የተጀመረው በአንዲት ብልጭ በምትል ማስታወቂያ ነው።

አንድ ነገር ግን በፍትሕ እንናገር። በማስታወቂያ ገቢ የሚተዳደሩ፣ ጨዋ ማስታወቂያ ብቻ የሚያሳዩ ጠቃሚ ድረ ገጾች አሉ። ዘወትር የምንጠቀምባቸው ከሆነ ለእነሱ ብቻ መዝጊያውን ማጥፋት ይቻላል፤ ዩብሎክ ላይ አንድ ጊዜ መንካት ነው።

«ካሽ አጥፋ ይፈጥናል» የሚሉት

ይህ ምክር በየዶርሙ ይዞራል፤ በአብዛኛው ግን የተገላቢጦሽ ነው። ካሽ ማለት ብራውዘሩ አንድ ጊዜ ያወረደውን ምስልና ፕሮግራም ለሚቀጥለው ጊዜ በማሽናችን ላይ የሚያስቀምጥበት ቦታ ነው። በሒፍዝ እናስበው፦ የሐፈዝነውን ሱራ ለመቅራት ሙስሐፍ ፍለጋ አንሄድም። ካሹን በየቀኑ የሚያጠፋ ሰው በየቀኑ የሐፈዘውን ረስቶ እንደ አዲስ የሚጀምር ደረሳን ይመስላል። ያው አርማ፣ ያው የፊደል ቅርጽ፣ ያው ፕሮግራም እንደገና ከባሕር ማዶ ይመጣል፣ ከጥቅላችን ላይም ይቆረጣል። «ስልክ አፍጣኝ» ነን የሚሉት ክሊነር አፖችም ካሽ እያጠፉ ያንኑ ጥፋት ይደግማሉ።

ካሽ የሚጠፋው ምክንያት ሲኖር ነው። ስልኩ ሞልቶ ቦታ ሲጠፋ፣ ወይም አንድ ገጽ ተበላሽቶ ሲታይ፣ ወይም ዛሬ የተለቀቀ ውጤት እያለ የትናንቱን ሲያሳየን። ለሁለቱ የኋለኞቹ ሁሉንም ማጥፋት አያስፈልግም፤ ላፕቶፕ ላይ ኮንትሮልን ይዞ ኤፍ 5ን መጫን ያችን ገጽ ብቻ እንደ አዲስ ያመጣታል።

ኢንኮግኒቶም እንዲሁ ነው። ባዶ ካሽ ይዞ ይጀምራል፣ ሲዘጋ የሰበሰበውን ይጥላል። ስለዚህ ለዘወትር ንባብ አይሆንም። በላብ ኮምፒውተር ወይም በሰው ላፕቶፕ ላይ የራሳችንን አካውንት ስንከፍት ግን ይዘገይም እንጂ እሱን እንጠቀም፤ ቀጥሎ የሚቀመጠው ሰው የእኛን አካውንት ክፍት እንዳያገኘው።

ዕድሜያቸው ያለፈ ምክሮች

ከሲኒየር ወደ ፍሬሽማን ሲተላለፉ የኖሩ ምክሮችም አሉ። ከታወቁት አንዱ በፋየርፎክስ አድራሻ መጻፊያ ላይ አባውት፣ ሁለት ነጥብ፣ ኮንፊግ ጽፎ ገብቶ ፓይፕላይኒንግ የሚባለውን ማብራት ነው። ምክሩ በዘመኑ መሠረት ነበረው። በአሮጌው ኤችቲቲፒ 1.1 ብራውዘር ወደ አንድ ሰርቨር በአንድ ጊዜ የሚከፍተው መስመር ስድስት ገደማ ነው። ጁሙዓ ሊደርስ ሲል ስድስት ቧንቧ ባለው ውዱእ ማድረጊያ ስልሳ ሰው ተሰልፎ አስቡት። ፓይፕላይኒንግ መልስ ሳይጠብቁ ጥያቄዎችን አከታትሎ ለመላክ የታሰበ ዘዴ ነበር። ነገር ግን መልሶቹ በተራቸው መምጣት ስለነበረባቸው፣ ፊት ያለው ከዘገየ ከኋላው ያሉት ሁሉ ይቆማሉ።

እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣው ኤችቲቲፒ 2 ይህን በሌላ መንገድ ፈታው። በአንድ መስመር ላይ ብዙ ጥያቄና መልስ እየተቀላቀሉ እንዲሄዱ አደረገ፤ አንዱ ቢዘገይ ሰርቨሩ የሌላውን መልስ ያስቀድማል። ዛሬ ያሉት ብራውዘሮች ሁሉ ይህን ራሳቸው ያደርጋሉ። ፋየርፎክስ ፓይፕላይኒንግን ከውስጡ ካወጣው ዓመታት አልፈዋል፤ ዛሬ ገብቶ ያንን የሚፈልግ ሰው የማይሠራ ማብሪያ ነው የሚነካው። ክሮም ለአንድሮይድ ላይ የነበረው ዳታ ቆጣቢ ላይት ሞድም እ.ኤ.አ. በ2022 ተነሥቷል፤ «ክሮም ላይ ዳታ ሴቨር አብራ» የሚለውን ምክር የሰማችሁ ካላችሁ ፍለጋ አትድከሙ። ከዚህ ሁሉ የሚጠቅመው ብራውዘሩን አዘምኖ መያዝ ነው።

ምስል፣ ቪዲዮና ሳንጠይቅ የሚወርድ ነገር

ጥቅል ሊያልቅ ሲል፣ ወይም ፈተና ደርሶ ጽሑፍ ብቻ ስንፈልግ ምስልን ጨርሶ መዝጋት ይቻላል። ላፕቶፕ ላይ ባለው ክሮም ሴቲንግ ውስጥ ፕራይቬሲ ኤንድ ሴኪዩሪቲ፣ ከዚያ ሳይት ሴቲንግስ፣ ከዚያ ኢሜጅስ ከሚለው ይገኛል፤ ምስሉ የግድ ለሚያስፈልጋቸው ድረ ገጾች ለብቻ መፍቀድም ይቻላል። በፋየርፎክስ እዚያው አባውት ኮንፊግ ውስጥ ፐርሚሽንስ ዲፎልት ኢሜጅ የሚለውን ቁጥር ከ1 ወደ 2 መቀየር ነው። ለኢንጂነሪንግ ተማሪ ግን ሥዕል የሌለው የሰርኪት ትምህርት ትርጉም ስለሌለው ለዘወትር አንመክረውም።

ለዘወትር የምንመክረው ቪዲዮ በራሱ እንዳይጀምር ማድረግን ነው። ፋየርፎክስ ላይ ኦቶፕሌይ ከሚለው ገብታችሁ ድምፅንም ቪዲዮንም ዝጉ። በስልኩ ላይ ደግሞ በሞባይል ዳታ ስንሆን ብቻ የሚዘጋ አማራጭ አለው።

ክሮም ላይ ፕሪሎድ ፔጅስ የሚባልም አለ። ብራውዘሩ ቀጥሎ የምንነካውን ገጽ ገምቶ ቀድሞ ያወርዳል። ግምቱ ሲሳካ ገጹ ወዲያው ይከፈታል፤ ሳይሳካ ያልጠየቅነውን ገጽ ከፍለንበታል። በግቢ ዋይፋይ ላይ ስንሆን ይብራ፣ በራሳችን ጥቅል ስንሆን ይጥፋ።

ደጋግመን የምናነበውን ገጽ በየጊዜው ከማምጣት አንድ ጊዜ ማውረድም ይሻላል። አንድሮይድ ክሮም ላይ ሦስቱን ነጥቦች ነክታችሁ ወደ ታች የምታመለክተውን ቀስት ከተጫናችሁ ገጹ ስልኩ ላይ ይቀመጣል፤ ኢንተርኔት ሳይኖርም ይነበባል።

ኦፔራ ሚኒ ላይ አንድ ማሳሰቢያ

ኦፔራ ሚኒን ብዙዎቻችን ከሃይስኩል ጀምሮ እናውቀዋለን። በጣም ቆጣቢ በሆነው ሞድ ገጹን የሚያመጣው የእኛ ስልክ አይደለም። የኦፔራ ሰርቨር ያመጣዋል፣ ይጨምቀዋል፣ የተጨመቀውን ይልክልናል። ለደካማ ኔትወርክና ለአሮጌ ስልክ ከዚህ የተሻለ ማግኘት ይከብዳል። ነገር ግን ገጹን ለመጨመቅ መጀመሪያ መክፈት ስላለበት፣ በዚያ ሞድ በእኛና በድረ ገጹ መካከል ያለው ምስጢር መሐል ላይ ይከፈታል ማለት ነው። ስለዚህ ለዜናና ለንባብ ተጠቀሙበት፤ የባንክም ሆነ የተማሪ አካውንት የይለፍ ቃል ግን በዚያ ሞድ አትጻፉ።

ማሽኑ ራሱ ሲደክም

4 ጊጋባይት ራም ያለው ላፕቶፕ ላይ ሰላሳ ታብ ከፍቶ «ኔትወርኩ ሞተ» የሚል ሰው አለ። ገጹ ወርዶ አልቆ ማሽኑ ነው የሚያቃስተው። ክሮም ላይ ሺፍትና ኢስኬፕን አብራችሁ ስትጫኑ እያንዳንዱ ታብና ኤክስቴንሽን የያዘውን ሜሞሪ ይዘረዝርላችኋል። ፐርፎርማንስ ከሚለው ገብታችሁ ሜሞሪ ሴቨርን ካበራችሁ ደግሞ የማትነኳቸውን ታቦች ራሱ ያስተኛቸዋል። የዘገየው ገጽ በኢንኮግኒቶ ሲከፈት ከፈጠነ ተጠርጣሪው ኤክስቴንሽን ነው፤ እዚያ ውስጥ ካልተፈቀደላቸው በቀር አይሠሩምና። አንድ በአንድ እያጠፋችሁ ፈልጉት። ቪፒኤን አብርቶ የረሳም ይህን ይመልከት፤ የአገር ውስጥ ገጽ እንኳ በሌላ አገር ዞሮ ነው የሚመጣለት።

ዲኤንኤስ መቀየርን እንደ ተአምር የሚያወሩ አሉ። የሚያፈጥነው የመጀመሪያዋን ደርሶ መልስ ብቻ ነው፤ እሷም አንድ ጊዜ ከተጠየቀች በኋላ ለጊዜው ትቀመጣለች። ሆኖም የክላውድፍሌር 1.1.1.3 የተባለው ቁጥር ለሌላ ጥቅሙ መታወቅ አለበት፤ የብልግና ድረ ገጾችንና ቫይረስ የሚያሰራጩትን አይከፍትም። ኮምፒውተሩ የኔትወርክ ሴቲንግ ውስጥ ገብቶ መጻፍ ነው። በስልክ ላይ ፕራይቬት ዲኤንኤስ ያበራችሁ ግን የግቢው ዋይፋይ መግቢያ ገጽ አልመጣ ካላችሁ ለጊዜው አጥፉት፤ ብዙ ጊዜ ገጹን የሚከለክለው እሱ ነው።

ከብራውዘሩ ውጭ የሆነች ነገር ግን ዝም ብለን ልናልፋት የማንችል አንዲት ጉዳይ አለች። በስልካችን ሆትስፖት ላፕቶፕ ስናገናኝ ዊንዶውስ ያገኘው ዋይፋይ ያለ ገደብ የሚጠጣ ይመስለዋል፤ አፕዴቱን ከጀርባ ያወርዳል፣ ገጻችን ይቆማል፣ ጥቅላችን ያልቃል። የዋይፋዩ ባሕርያት ውስጥ ሚተርድ ኮኔክሽን የሚለውን ለዚያ ሆትስፖት አብሩት።

የምዝገባ ቀን

ሬጅስትሬሽን ሲከፈት ወይም ውጤት ሲለቀቅ የሚገጥመን መዘግየት ከዚህ ሁሉ ይለያል። የሁሉም ተማሪ ጥያቄ በአንድ ጊዜ የሚደርሰው አንድ ሰርቨር ዘንድ ነው፤ በእኛ ብራውዘር ላይ የምናደርገው ማንኛውም ማስተካከያ የእሱን ሰልፍ አያሳጥረውም። የሚያስረዝመው ግን አለ፤ እሱም ሪፍሬሽ ነው። ሪፍሬሽ ባደረግን ቁጥር አዲስ ጥያቄ ከሰልፉ መጨረሻ ይገባል፤ የቀድሞው ጥያቄያችን ደግሞ ብዙ ጊዜ አልተሰረዘም፤ ሰርቨሩ ማንም የማይቀበለውን መልስ እያዘጋጀ ይደክማል። አንድ ሰው አሥር ጊዜ ሲጫን አሥር ሰው ሆኖ ተሰለፈ። ከኋላው ያለችው እህት የምዝገባ ቀኗ ሊያልፍ ሲል መግባት ያቃታት በዚህ ሊሆን ይችላል፤ የሌላን ሰው ሐቅ የመንካት ጉዳይ አለበት።

ስለዚህ በአንድ ብራውዘር፣ በአንድ ታብ ብቻ ግቡ። የሚቻል ከሆነ ሱብሒን ሰግዳችሁ ሞክሩት፤ አብዛኛው ሰው የተኛበት ሰዓት ነው፣ ሰርቨሩም ቀለል ይለዋል። የኮርሶቹን ዝርዝርና የሚጠየቀውን ሁሉ ቀድማችሁ ወረቀት ላይ ያዙ፤ ገጹ ላይ ቆይታችሁ ስታስቡ ሰዓቱ አልፎ ሊያስወጣችሁ ይችላል። ላክ የሚለውን ከተጫናችሁ በኋላ ክቡ ቢሽከረከርም ደግማችሁ አትጫኑ። ብራውዘሩ «ፎርሙን ድጋሚ ልላከው?» ብሎ ከጠየቃችሁ እምቢ በሉት፤ አንዳንዴ የመጀመሪያው ደርሶ ያልመጣው መልሱ ብቻ ነው። ጥቂት ደቂቃ ጠብቃችሁ እንደገና ግቡና የተመዘገባችሁባቸውን ኮርሶች ዝርዝር ክፈቱ። ከሌለ ያኔ ድገሙት፤ ካለ ስክሪንሾት አንስታችሁ አስቀምጡት።